ሂሳብ

መጀመሪያ ዓይኑ ላይ ታየ፣ ነጩ እርድ የነካው መሰለ፤
«እንቅልፍ አጥቼ ነው» አለ።
ቀጥሎ ሆዱ ተነፋ፣ እግሩ ጫማ እምቢ አለ፤
መረብ የሚጎትተው ክንዱ የበቆሎ አገዳ አከለ።

ይህን ሁሉ ከሰው ነው የሰማሁት።
ሁለት ዓመት ሙሉ በአሞራ ገደል ሳልፍ፣ ባጃጄን እሱ በር ላይ አላቆምኩት።
የአባታችንን ጀልባ ሸጦ ድርሻዬን አልሰጠኝም፤
እኔም አልረሳሁለት፣ እሱም ይቅርታ አላለኝም።

ዱካሌ ናት የመጣች፣ ሚስቱ፣ መናኸሪያ ተራ ስጠብቅ፣
እጇ ላይ የዓሣ ቅርፊት ደርቆ፣ ሳትለምን፣ ሳትሳቀቅ።
«ጉበቱ አልቋል» አለች፣ ልክ ነዳጅ አለቀ እንደሚባል፤
«የሰው ጉበት ይከፈላል አሉ፤ ከወንድም ለወንድም ይሆናል።»

ይከፈላል! ቃሉ ጆሮዬ ላይ ቀረ።
የጀልባው ሳይከፈል የኔ ጉበት ሊከፈል ነበረ?

የኔ ሙያ መሪ መያዝ ነው፤ ስለ ጉበት የማውቀው ከዱለት አያልፍም።
የሪፈራሏ ወጣት ሐኪም ገባት መሰል፣ በቃል ብቻ አልተወችኝም፤
ወረቀት ላይ ሰፊ ቅጠል የመሰለ ነገር ሣለች፣
በእስክሪብቶ ለሁለት ከፈለች።
«ያንተም ያድጋል፣ የሱም ያድጋል፤ ጥቂት ወራት ነው» አለች።
«ግን ቀላል አይደለም፤ ሰው ይሞትበታል» አለች። አልደበቀች።

ሐሞቴ ፈሰሰ። ያኔ እንኳ፣ እውነቱን ልናገር፣
የማስበው ስለ ጀልባው ነበር፣ ስለ ድርሻዬ ብር።
ለምን እሺ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቀው፤
ምናልባት እሱ ከሞተ ማንን አኮርፋለሁ ብዬ ነው።

ከዚያ ልመና። የባጃጅ ማኅበሩ የአንድ ቀን ገቢ አዋጣ፤
ከመስጊዱም፣ ከቤተ ክርስቲያኑም፣ ከዓሣ ተራውም ሳጥን ወጣ።
ፎቶው ባጃጄ ጀርባ ተለጠፈ፣ ያ ያላናገርኩት ወንድሜ፤
ሰው ሁሉ ፊቱን እያየ ይከተለኛል፣ እኔ ሳላየው ቀድሜ።

ዴልሂ አንድ ክፍል ተኛን። ስለ ሙቀቱ ተወራ፣ ስለ ምስሩ ቅመም፤
የጀልባውን ነገር ግን ጫፉን አልነካንም።
ቀኑ ሲደርስ እኔን አስቀደሙ። በሩ ላይ ስደርስ ስሜን ጠራ፣
«ላሊሶ» አለ። ቀሪውን የአልጋው ጎማ ዋጠው፣ እንደ ወፍጮ እያጓራ።

ስነቃ ተከፍሎ አልቋል። ደረቴ ሥር ባለ ሦስት ክንፍ ስፌት፤
ነርሷ «መርሴዲስ እንለዋለን» አለችኝ፣ ግማሹን በምልክት።
ሳቅሁ፤ ስፌቱ ጎተተኝ። ሦስት ጎማ ስገፋ ኖሬ ዘጠኝ ዓመት፣
መርሴዲስ ገዛሁ በስተመጨረሻ፣ ለዚያውም በጉበት!

የሐሞት ከረጢቴንም አውጥተዋል፤ አብሮ ነው የሚወጣ አሉ።
አሁን ሐሞተ ቢስ ነኝ፣ በወረቀት፣ ከነማኅተሙ፣ ከነቃሉ።

ዳንጊሶ ዘንድሮ ክኒኑን በሰዓት ይውጣል፤
ዓይኑ ነጭ ሆኗል። ማልዶ ሐይቁ ዳር ይወጣል፣
ጀልባ አይገፋም፤ መረብ እየጠገነ ይቀመጣል፣
አባ ኮዳዎቹ ዙሪያውን ቆመው። ከሱ ምን ይገኛል?

ትናንት ዝናብ ነበር። ከቀጠሮው ሲወጣ አይቼ ቆምኩለት፤
ከኋላ ተቀመጠ። በመስታወቱ አየኝ። አየሁት።
ፒያሳን አለፍን፣ ጎርፉን አለፍን፤ ታቦር ጭጋግ ለብሷል።
አንድ ጉበት ነን በሁለት ሆድ፤ ግማሹ ይነዳል፣ ግማሹ ተሳፍሯል።

አሞራ ገደል ስንደርስ ኪሱን ዳበሰ። «ሂሳብ» አለ፣ እጁን ዘርግቶ፤
ሠላሳ ብር፣ ዝናብ የነካው፣ ከመድኃኒት ማዘዣው ጋር ተጣብቆ ወጥቶ።
«ተወው» ልል ነበር። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።
ግን እሱ ሲከፍል ቀና የሚል አንገት አለው፤ ያን አንገት ከልጅነት ነው የማውቀው።

ተቀበልኩት። አሥሩን መለስኩለት፤ ዋጋው ሃያ ነውና።
ቆጠረው። መውረዱን ትቶ «ያ ጀልባ እኮ...» አለና፣
ዝናቡን አየ።

ሞተሩን አጠፋሁት።